ፎርማት ከማድረጋችን በፊት



«ኮምፒውተሩ ሞቷል» የሚለው አነጋገር በትምህርት ቤታችን በጣም ረክሷል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዘገያል ወይም ይደርቃል፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ፎርማቱ ተጀምሮ መሐል ላይ ይቆማል። እንደገና ይጀመራል፤ እንደገና ይቆማል። በሦስተኛው «ሞቷል» ተብሎ ጥግ ይቀመጣል፤ ወይም ገዳሪፍ ገበያ ወርዶ በመለዋወጫ ዋጋ ይሸጣል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማለት የምፈልገው፣ ይህ ፍርድ የችኮላ ፍርድ መሆኑንና፣ ችኮላው ደግሞ ከአንድ ማሽን የበለጠ ነገር እንደሚያሳጣን ነው።

በመጀመሪያ በውስጡ ያለው ምንድን ነው? ብለን እንጠይቅ። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለስደተኛ እንደገና የተከፈተ ቦታ ነው። በሁለቱም ጊዜ ብዙ ሰው ድንበሩን የተሻገረው ወረቀቱን ቤቱ ትቶ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ብዙ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ። በዚህ ምክንያት የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የልደት ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የሟች አባት ምስል በስልክ እየተነሣ በእነዚህ አሮጌ ላፕቶፖች ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። እኔም የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳላጠናቅቅ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ «ተምሬአለሁ» ብሎ በአፍ መናገርና ወረቀት አውጥቶ ማሳየት ምን ያህል እንደሚራራቁ አውቃለሁ። ፎርማት ማለት ይህን ሁሉ መደምሰስ ማለት ነው። መጫኛው «ዲስኩ ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቅ «እሺ» የሚለው ጣት የጎረቤትንም ሰነድ ያጠፋል።

በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ መገልበጥ ነው። ዊንዶውሱ አልነሣ ቢልም መገልበጥ ይቻላል። እንደ ሊኑክስ ሚንት ያሉት ሲስተሞች ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ላይ ተነሥተው ይሠራሉ። በዚያ ገብቶ ሰነዱን ወደ ሌላ ፍላሽ ማውጣት ነው፤ ዲስኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ግን ቁልፉ ያስፈልጋል። ዘዴው ሌላም ጥቅም አለው። ኮምፒውተሩ በፍላሽ ለአንድ ሁለት ሰዓት ያለ ችግር ከሠራ፣ ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ በአብዛኛው ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ሃርድ ዲስኩ ይዞራል። ፎርማቱ ተጀምሮ የቆመ ከሆነም ተስፋ አይቆረጥ። በድሮው፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ የተደመሰሰ ፋይል፣ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ፣ በማውጫ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ፎርማቱን ደጋግሞ መሞከር የቀረውንም በላዩ ላይ አፈር እየጨመሩ መቅበር ነው።

ብዙ ሰው «ትናንት ሲሠራ ነበር፤ ዛሬ ዊንዶውስ ሲጫንበት ለምን ይቆማል?» ይላል። መጫን የሚለው ቃል ራሱ መልሱን ይነግረናል። ያረጀች አህያ ሁለት ጀሪካን ውኃ በየቀኑ ታመላልሳለች፤ ሕመሟ አይታይም። አንድ ቀን አንድ ኩንታል ማሽላ ሲጫንባት ትወድቃለች። ኩንታሉ አላሳመማትም፤ የነበረውን ሕመም አወጣው እንጂ። ደብዳቤ ሲጻፍበት ኮምፒውተሩ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ሲስተም ሲጫንበት ግን ብዙ ጊጋባይት ሳያቋርጥ ማንበብ፣ የታመቀውን መፍታት፣ ከዚህ በፊት ባልነካው የዲስክ ክፍል ላይ ሁሉ መጻፍ አለበት። የደከመው ክፍል ያን ጊዜ ይታወቃል። እንግዲህ በሽታው ራሱን ሲገልጥ በሽተኛውን መቅበር ምን ይባላል?

ስለዚህ የቆመበት ቦታና የቆመበት ሁኔታ ይጻፍ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ፍላሹና ሃርድ ዲስኩ ናቸው። አንድ ጊዜ በ20 በመቶ፣ ሌላ ጊዜ በ70 በመቶ የሚቆም ከሆነ ራሙን ወይም ሙቀቱን እንጠርጥር። ምንም መልእክት ሳያወጣ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ወይም የመብራት ነገር ነው።

ፍላሹን መፈተን ቀላል ነው። ሌላ ፍላሽና ሌላ መሰኪያ ይሞከር። በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የቅርብ ጊዜ ዊንዶውስ ዋና ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ከኢንተርኔት ሲወርድ የተጎዳ ፋይልም አለ። ለዚህ ነው የሊኑክስ አዘጋጆች ከፋይሉ ጋር ሻ256 የሚባል፣ 64 ፊደልና አሃዝ ያለው መለያ የሚያወጡት። በእኛ በኩል ያለው ፋይል ሲሰላ ያው መለያ ካልወጣ ፋይሉ ተጎድቷል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ማለቂያ በአብዛኛው ሱዳን ኔትዎርክ ተቋርጦ እንደነበር አንርሳ። በኔትዎርክ ቀን የተመረመረ ፋይል ማስቀመጥ እህል እንደማስቀመጥ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ በገዳሪፍ አካባቢ በሚያዝያ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ አቧራው ደግሞ የማራገቢያውን መተንፈሻ ይደፍነዋል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ያጠፋል። እንግዲህ በካቻቢቴ ተከፍቶ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይውጣ፤ ሥራውም በማለዳ ይሠራ። ላፕቶፑ ብርድ ልብስ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ባትሪው ሙሉ ሳይሆን በጄኔሬተር ወይም ፀሐይ በምትሸሽበት ሶላር ብቻ መጫን አይገባም። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን ሁሉም ነገር ይቁም፤ ቻርጅ አይደረግ፣ አይወጋ፣ ልጆች አይንኩት።

ራሙ ሁለት ከሆነ አንዱን አውጥቶ በአንዱ መሞከር፣ ከዚያም ማለዋወጥ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ሕይወቱ እያለቀ ነው፤ ሰነዱ ቶሎ ይውጣ። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ጠፍቶ ሲነሣ ዓመቱን ወደ ኋላ ይመልሳል። የእኛን የዘመን አቆጣጠር ስለተከተለ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስላለቀች ነው። ቀኑ ሲሳሳት አንዳንድ መጫኛ የፋይሉን ፊርማ አላምንም ይላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሮ የተሳካለት ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለውም ማሽን ከዜሮ ይጀምራል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የምርጫ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። የእኛ አሮጌዎች አብዛኞቹ ይህን አያሟሉም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 2 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ቀለል ያለ ሊኑክስ ይበቃል፤ አማርኛም ይጻፍበታል፤ ዋጋም የለውም። ልጆቻችን የሚያውቁት ዊንዶውስን ነው የሚል ክርክር አለ። መጻፍ፣ ማስላትና ማንበብ ግን በሁለቱም ያው ነው።

ወላጆች «ልጄ ከብረት ጋር ከሚታገል ትምህርቱን ያጥና» ስትሉ እሰማለሁ። ሥጋታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን ምልክት ማየት፣ መጠርጠር፣ አንድ ነገር ለውጦ መፈተን፣ ውጤቱን መጻፍ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ የምናስተምረው ያንኑ ነው። ከገዳሪፍ ጠጋኝ ጋር ጠብ የለኝም፤ ብዙዎቹ ባለሙያ ናቸው። ሆኖም በሰሊጥ አጨዳ የተገኘ ገንዘብ አቧራ ለማስጠረግ ሲከፈል ያሳዝነኛል።

ልጆች ይህን አይችሉም የሚል ካለም ወንጪን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ታብሌት በካርቶን ሰጠ። አስተማሪ አልነበራቸውም። ድርጅቱ እንደተናገረው ልጆቹ ማብሪያውን ራሳቸው አገኙ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። የእኛ ተማሪዎች ማንበብ ይችላሉ፤ አስተማሪም አላቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ላፕቶፕ እንደ ክሊኒክ ካርድ የራሱ ደብተር ይኑረው፤ የቆመበት፣ የተለወጠው፣ የተገኘው ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ሰነድ ሳይገለበጥና ባለቤቱ ሳይፈርም ማንም ፎርማት አያድርግ። ሦስተኛ፣ ሥራው በተራ ለተማሪዎች ይሰጥ፤ በየተራው ቢያንስ አንዲት ሴት ተማሪ ካቻቢቴውን ትያዝ። ሴት ልጆቻችን ውኃ ሲቀዱ ቆይተው ሲመጡ ተራው አልፏል እንዳይባሉ ሰዓቱ ከእነሱ ጋር ይወሰን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይነሣ ማሽን ይኖራል። ያን ጊዜ ራሙ፣ ስክሪኑና ቻርጀሩ ለሌላው ይተርፋል፤ «ሞቷል» ስንልም ምክንያቱን ጽፈን እንላለን።