እግረኛን ያስቀደመ የከተማ ፕላን፤ ጎረቤላ እንደ ማሳያ

በአገራችን የከተማ ልማት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የተነጠፈው አስፋልት ርዝመትና የተሽከርካሪው ብዛት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው የከተማ ነዋሪ ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያና ወደ ጤና ተቋም የሚደርሰው በእግሩ ነው። በአዲስ አበባ እንኳ በየዕለቱ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚፈጸም መሆኑን ከተማዋ ለሞተር አልባ ትራንስፖርት ያወጣችው ስትራቴጂ ያመለክታል። በወረዳ ከተሞች የእግረኛው ድርሻ ከዚህ እንደሚልቅ ለመገንዘብ አንድ የገበያ ቀን ማየት በቂ ነው።

በሰሜን ሸዋ ዞን የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጎረቤላ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደላማ ጠርዝ ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የወረዳው ሕዝብ ከ76 ሺህ በላይ ሲሆን፣ በከተማ የሚኖረው ከአስር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በመሆኑም የጎረቤላን መንገድ የሚጠቀመው የከተማው ነዋሪ ብቻ አይደለም። እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ልጁን አዝሎ ወይም ለጉዳይ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬም ነው። የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ በነዋሪው ቁጥር ብቻ ማስላት ይህን ባለጉዳይ ከሒሳብ ያወጣዋል።

አካባቢው በእግርና በበቅሎ መንገድ የታወቀ ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ ከታጁራ የባሕር ወደብ የሚነሳው የነጋዴ ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ አልዩ አምባ ገበያ ከደረሰ በኋላ ቀሪውን ዳገት ወጥቶ ነበር ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚዘልቀው። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛም የተጓዘው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ከተዛወረ በኋላም ቆላውንና ደጋውን የሚያገናኙት የእግር መንገዶች አገልግሎታቸውን አላቆሙም። እነዚህ ቀጫጭን መንገዶች ትውልድ ተረማምዶ የመረጣቸው፣ ዳገቱን የሚያለዝቡ፣ ውሃ የማይተኛባቸው ናቸው። በብዙ ከተሞች ግን ፕላን ሲነደፍ በካርታው ላይ አይሰፍሩም፤ ያልሰፈረ መንገድ ደግሞ በሚቀጥለው የቦታ ድልድል በአጥር ይዘጋል።

የሕግና የፖሊሲ ማዕቀፉ አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን እንዲመሩ፣ ረቂቁም ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ይደነግጋል። በአገሪቱ የከተማ ፕላን አሠራር ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል የሚለው መርህም የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ይፋ ያደረገው የአስር ዓመት አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ደግሞ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ የመንገድ ግንባታ አካል እንዲሆን ያለመ ነው። ችግሩ ያለው 30 በመቶው ለማን ይከፋፈል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ሠላሳው በመቶ ሙሉ በሙሉ ለተሽከርካሪ ቢሰጥም ፕላኑ በወረቀት ላይ መስፈርቱን አሟልቷል ይባላል።

በፌዴራል ደረጃ በሚሠሩ መንገዶች ላይ የተለመደውን አሠራር እንመልከት። በገጠሩ ክፍል 10 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መንገድ ወረዳ ከተማ ሲደርስ 20 ሜትር ገደማ እንዲሆን ይደረጋል። የሚጨመረው ስፋት ለእግረኛ መተላለፊያ፣ ለተሽከርካሪ ማቆሚያና ለውሃ ማፋሰሻ የታሰበ ነው። መንገዱ ተጠናቆ ከተረከበ በኋላ ግን ስፋቱ ባለቤት ያጣል። ከፊሉ የባጃጅ መቆሚያ፣ ከፊሉ የአሸዋና የድንጋይ ማከማቻ ይሆናል፤ የቀረውን ደግሞ ሱቆች ዕቃቸውን ይደረድሩበታል። እግረኛው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ አሽከርካሪው በበኩሉ መንገዱ የሰፋለት ስለሚመስለው ፍጥነት ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች እንደሆኑ ገልጿል። በመንገድ ግንባታ የተገኘውን ስፋት ለእግረኛው ማስከበር አዲስ በጀት የማይጠይቅ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ የሚጠይቀው ደንብ ማስከበርን ብቻ ነው።

እንደ ጎረቤላ ባለ ተዳፋት ከተማ ዋነኛው ጉዳይ ዳገትና ጎርፍ ነው። በሜዳ አንድ ኪሎ ሜትር በእግር ለመሄድ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ዳገት ላይ፣ ሸክም ይዞ፣ በክረምት ጭቃ ሲሆን ግን ጊዜው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በከተሞቻችን የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍ ለወጣቶች የሥራ ዕድል የፈጠረ፣ በአካባቢው ድንጋይ የሚሠራ በመሆኑም የሚደገፍ ነው። ሆኖም እጅግ በቀና ዳገት ላይ የተነጠፈ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ሰፊና ዝቅ ያለ የድንጋይ ደረጃ፣ ከጎኑ የእጅ መደገፊያና የተከደነ ቦይ ማድረጉ ይመረጣል። ለጭነት እንስሳትና ለአካል ጉዳተኞች ደግሞ ደረጃ የሌለው ጠመዝማዛ አማራጭ መተው ያስፈልጋል። ክፍት ቦይ አጠገብ የሚሠራ የእግረኛ መንገድ በጉም ጊዜ አደጋ ነው፤ አንኮበርን የሚያውቅ ደግሞ ጉሙን ያውቃል።

ብስክሌትን በተመለከተ ሐቁን መናገር ይገባል። ለረጅም ርቀት ከመቶ አምስት የሚበልጥ ቅናት ያለው መንገድ ለተራ ብስክሌተኛ አድካሚ ነው። በጎረቤላ የብስክሌት መስመር ቀለም መቀባት ለሪፖርት ካልሆነ በቀር ብዙም አይጠቅም። የብስክሌት ጥያቄ በተፈጥሮው የሚነሳው በዞኑ መቀመጫ ነው። ደብረ ብርሃን በሜዳ ላይ የተንጣለለች፣ ፋብሪካዎችና ዩኒቨርሲቲ ያሏት፣ ሠራተኛውና ተማሪው በማለዳ ውርጭ ረጅም መንገድ የሚጓዝባት ከተማ ናት። በክልሉ ባሕር ዳር ለብዙ ዓመታት በብስክሌተኞቿ የታወቀችው ከመሬቱ አቀማመጥ የተነሳ ነው፤ ደብረ ብርሃንም የመሬት አቀማመጥ ችግር የለባትም። የሚጎድለው ከፋብሪካ ደጃፍ እስከ መኖሪያ ሰፈር ሳይቋረጥ የሚዘልቅ፣ በጠርዝ ድንጋይ ከመኪና የተለየ መስመር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ተሠርቶ አደባባይ ላይ የሚቋረጥ መስመር ተጠቃሚ አያገኝም።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መተላለፊያዎችንና የብስክሌት መስመሮችን ይዞ መጥቷል፤ በባሕር ዳርና በጎንደርም ተመሳሳይ ሥራዎች ተከናውነዋል። ይህም የእግረኛ መንገድ በከተማ አመራሩ አጀንዳ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ እንዲያገኝ አድርጓል። ለአነስተኛ የወረዳ ከተማ የሚኖረው አደጋ መልኩን መቅዳቱ ነው። የዋናውን መንገድ ግራና ቀኝ በጌጥ መብራት ማሳመር አንድ ነገር ነው፤ ከጤና ጣቢያው ወይም ከትምህርት ቤቱ የሚወርደውን ጭቃማ ዳገት መሥራት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለመሥራት አቅም ከሌለ ሁለተኛው ይቅደም ባይ ነኝ።

የውጭ ተሞክሮም ከአቅም ጋር ተገናዝቦ ሊታይ ይገባል። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በእሑድና በበዓል ቀናት ዋና ዋና መንገዶቿን ለእግረኛና ለብስክሌት ትለቃለች፤ ዛሬ ርዝመቱ ከ120 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በኮረብቶች ላይ የተመሠረተችው ኪጋሊም እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረችውን ከመኪና ነፃ ቀን በወር ሁለት ጊዜ ታካሂዳለች። በአገራችንም ተመሳሳይ ዕለት በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተጀምሮ ነበር። ለጎረቤላ የሚስማማው እሑድን መንገድ መዝጋት አይመስለንም። በገበያ ቀን ለጥቂት ሰዓታት ከባድ ተሽከርካሪ በከተማው መሐል በዝግታ እንዲያልፍ፣ ጭነት ማራገፍም ከገበያው መግቢያ ራቅ ብሎ እንዲከናወን ማድረግ ግን በወረዳው አቅም የሚቻል ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበው ጊዜው ነው። ጎረቤላ ገና ትንሽ ከተማ ናት፤ የእግር መንገዶቿን አሁን ለክቶ በፕላን ላይ ለማስፈር የሚያስፈልገው ሜትርና ጥቂት የባለሙያ ቀናት ናቸው። ቦታው በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለግለሰብ ከተላለፈና ቤት ከተሠራበት በኋላ ግን ሁለት ሜትር የእግረኛ መንገድ ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ መክፈል፣ ምትክ ቦታ ማዘጋጀት፣ ምናልባትም ፍርድ ቤት መቆም ይመጣል። የወረዳው የከተማ ልማት ጽሕፈት ቤት ለሚቀጥለው የሊዝ ጨረታ የሚያቀርባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ሲያዘጋጅ፣ በየቦታው የሚያልፉትን የእግር መንገዶች በንድፉ ላይ አስምሮ ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል።