«መርዝ ያስወጣል» የሚባለው ላብ

በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች በር ላይ ከሹሩባና ከጥፍር ቀለሙ ቀጥሎ «ስቲም፣ ሳውና፣ ወይባ ጢስ» የሚል ማንበብ የተለመደ ሆኗል። ከወይባ ጋር ጠብ የለኝም። የሴቶች ወግ ነው፤ ሙሽራም አራስም ትታጠነዋለች፣ ጠረኑም ገላ ላይ ይሰነብታል። ጠቤ ከሥሩ ከሚጨመረው ጋር ነው፦ «መርዝ ያስወጣል፣ ስብ ያቀልጣል»።

የትኛውን መርዝ? ስሙን የሚነግረን የለም። ላብ ከሞላ ጎደል ውሃና ጨው ነው። የብረት ርዝራዥ አይጠፋበትም፤ ግን መርዝ የማስወገዱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው። እነሱ ከደከሙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ማላብ አይተካቸውም።

የሴት ገላም እንደ ወንዱ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉት። አብዛኞቹ ኤክሪን የሚባሉት ናቸው፤ ገላን ከሞላ ጎደል ያዳርሱታል፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ደግሞ ይበዛሉ። ዋና ሥራቸው ገላን ማቀዝቀዝ ነው። አፖክሪን የሚባሉት በብብት፣ በብሽሽትና በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ላይ ይገኛሉ፤ እስከ ጉርምስና ሥራ ፈት ናቸው። ከእነሱ የሚወጣው ፈሳሽ ራሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚሸተው የቆዳ ባክቴሪያ ሲያብላላው ነው። ወተት የሚያፈልቀው የጡት ዕጢም የእነዚሁ ዘመድ መሆኑን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ ከዚህ ቤተሰብ የትኛው ነው የመርዝ ቱቦ?

ጂም ውስጥ ደግሞ ወገቧን በፕላስቲክ ጠቅልላ ትሬድሚል ላይ የምትሮጥ አትጠፋም። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ፕላስቲክ ሥር ታፍኖ ከቀረ ግን ይንጠባጠባል እንጂ አያበርድም፤ ገላዋ ይግላል፣ ይበልጥ ያልባታል። ከዚያ ሚዛን ላይ ትወጣና ኪሎዋ መቀነሱን አይታ ትደሰታለች። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ያህል ነው፤ ውሃዋን ስትጠጣ ይመለሳል። ቦርጩ እንዳለ ነው። ስብ ሲቃጠል አብዛኛው ክብደቱ የሚወጣው በትንፋሽ መሆኑን አሰልጣኙ ቢነግራት ፕላስቲኩን በገዛ እጇ ትጥለው ነበር።

እስከዚህ ያለው ገንዘብ ማባከን ነው ብለን እንለፈው። የነፍሰ ጡሯ ነገር ግን አይታለፍም። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት የእናት ገላ ከልክ በላይ ሲግል የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ላይ ችግር የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ ሴት ደግሞ ያኔ መፀነሷን እንኳ አታውቅም። አየር በማይገባበት ክፍል የሚጨሰው እንጨትና ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። «የወር አበባሽ ቀርቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለባለ ሳሎኑ አንድ ብር አያስወጣውም፤ መርዝ አስወጣለሁ የሚለው ማስታወቂያ ላይ ግን ለዚህ ጥያቄ ቦታ አልተገኘለትም።