ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ምጸት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ምሳሌ ፍለጋ እደክም ነበር። ይኸው ፀዳ ላይ፣ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ አገኘሁት!

ጎረቤታችን እማማ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኢንሱሊናቸው ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ የልጅ ልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል። ስኳሩ ግን ተቆልፎበታል፤ «ሐኪም ከልክሏቸዋል» ተብሎ። አንድ ቀን ላብ አጠመቃቸው፣ ተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ተምታታ። ስኳራቸው ወርዷል። ቁልፉስ? ከምራታቸው ጋር ጎንደር ገበያ ሄዷል። ደግነቱ ጎረቤት ስኳር በጥብጦ ደረሰ።

እንግዲህ የሚቆለፈውን ከፍተን የሚከፈተውን ቆልፈናል ማለት ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ፍሪጅ ለሌለው ቤት፣ በረጠበ አሸዋ መሀል የተቀመጠ ሸክላ ከመስኮት እጅግ ይሻላል። ስኳር ሲወርድ ደግሞ የመጀመሪያው መድኃኒት ያው ስኳር ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል። ራሱን ለሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ሐኪም ቤት ነው።

የአረጋውያን ማዕከላትስ? መድኃኒት መቆለፉ ተገቢ ነው፤ ሌባም ልጅም አለ። ቁልፉን ይዞ ቤቱ የሚያድር ንብረት ክፍል ግን ከሌባው በምን ይሻላል? ቁልፍ ከሌሊት ተረኛው ኪስ አይውጣ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ደጃችንን ሲያንኳኩ ስለ መፀዳጃ ቤታችን ይጠይቁናል። ደግ! አንድ ጥያቄ ይጨምሩልን፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው? አለዚያ ነገራችን ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።