ግምት ይቅር፣ እንጠይቅ

ፕሮግራም እምቢ ሲል አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ መገመት። «እዚህ ጋ ይሆናል» ብለን አንድ መስመር እንነካለን፣ አልሆነም፤ ሌላ እንነካለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ሌሊቱ ሲጋመስ የድሮው ስህተት እዛው አለ፣ እኛ የጨመርነው አዲሱ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጧል።

መጠየቂያው መሣሪያ ግን ድሮም አለ። ጂዲቢ የተባለውን ዲበገር፣ ማለትም ስህተት መፈለጊያ፣ ሪቻርድ ስቶልማን የጻፈው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በሲ ቋንቋ የጻፋችሁትን ፕሮግራም ይዛችሁ ኢማክስ የተባለው ኤዲተር (የጋዜጣውን ኤዲተር ማለቴ አይደለም!) ውስጥ ሆናችሁ ስትጠሩት፣ ፕሮግራሙ የቆመበትን መስመር እዛው ኮዳችሁ ላይ በቀስት ያሳያችኋል።

ጋዜጠኝነት ለተማረ ሰው ትእዛዞቹ አዲስ አይደሉም። በ«ብሬክ» ፕሮግራሙ የት እንደሚቆም ትነግሩታላችሁ። «ባክትሬስ» ማን ማንን ጠርቶ እዚህ እንደተደረሰ ይናገራል። «ፕሪንት» የቫሪያብሉ ዋጋ አሁን ምን እንደሆነ ያሳያል፣ «ዋች» ደግሞ መቼ እንደተቀየረ። የት፣ ማን፣ ምን፣ መቼ። ለምን የሚለው ብቻ ለእናንተ ይቀራል።

«በየመስመሩ ‹እዚህ ደርሻለሁ› እያስባልኩ አገኘዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ለትንሽ ነገር ይበቃል። ችግሩ፣ የሚመልሰው አስቀድማችሁ ያሰባችሁትን ጥያቄ ብቻ ነው። ስህተት ደግሞ የሚደበቀው ያላሰባችሁት ቦታ ነው።

«ዲበገሩ ራሱ አልሰራ አለኝ» ለምትሉም መልሱ ያው ነው፤ አትገምቱ፣ ጠይቁ። መጀመሪያ ከኢማክስ ወጥታችሁ ጂዲቢን ተርሚናል ላይ ብቻውን አስነሱት። እዛ ከሰራ ጥፋቱ የሁለቱ መገናኛ ላይ ነው፤ ኢማክስ ትእዛዙን ሲያቀርብላችሁ አብሮ የሚመጣውን የ«ኤምአይ» ምርጫ ሰርዛችሁት ይሆናል። እሱ ከሌለ አይግባቡም። ተርሚናል ላይም የኮዱ መስመር ካልታየ፣ ኮምፓይል ስታደርጉ «ሰረዝ ጂ»ን ረስታችሁ እንደሆነ እዩ። «ኦፕቲማይዝድ አውት» ካላችሁ ኮምፓይለሩ ለፍጥነት ሲል ዋጋውን አስወግዶታል፤ ማፍጠኛውን አጥፍታችሁ እንደገና ኮምፓይል አድርጉት።

ስለዚህ ኮድ ለምታስተምሩ ሁሉ፦ ዲበገርን ለኮርሱ መጨረሻ አታቆዩት። ከመጀመሪያው ፕሮግራም ጋር አብራችሁ ስጡት። ገምቶ ያስተካከለ ሰው ነገ ያው ስህተት ሲመጣ እንደገና ይገምታል። ጠይቆ ያገኘ ግን ለምን እንደተበላሸ ያውቃል፤ ለሌላውም ማስረዳት ይችላል።