የመኖሪያ ቤት ኪራይ ጥያቄ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

መጠለያ ከምግብና ከልብስ ጋር የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። አጥብቆ ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ቤት የሚሠራው ማን ነው? የሚያከራየውና የሚከራየውስ? ከኪራዩ የሚገኘው ጥቅም ወዴት ይሄዳል? በዛሬው ጽሑፋችን እነዚህን ጥያቄዎች በአዳማና በአካባቢዋ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመሥርተን እንመለከታለን።

አዳማ ከባሕር የራቀች ብትሆንም የወደብ መንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መሥመር ላይ ትገኛለች። ከምድር ባቡሩ ጋር ተወልዳ፣ በባቡሩና በከባድ መኪናው አድጋለች። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ወደ 128 ሺህ ይጠጋ የነበረው የነዋሪዋ ቁጥር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ220 ሺህ በላይ ሆኗል። ከዚያም ወዲህ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የፍጥነት መንገድ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢንዱስትሪ ፓርክ እያንዳንዳቸው አዲስ ሰው ስበዋል። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም መጠጊያ ካገኙባቸው ከተሞች አንዷ አዳማ ነበረች። ሞጆ በደረቅ ወደቧና በቆዳ ፋብሪካዎቿ፣ ባቱ በአበባ እርሻዋ፣ ሻሸመኔ በመንገዶች መገናኛነቷ ተመሳሳይ ጉዞ ላይ ናቸው።

እነዚህ ሁሉ የእድገት ምልክቶች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን የመጣው ሥራ እንጂ ቤት አልነበረም። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ከገጠር ለሥራ የመጣችን አንዲት ወጣት የስፌት ሠራተኛ እንውሰድ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት ክፍሎች አንዷን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ትከራያለች። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነውና የስምጥ ሸለቆው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሲያግለው ይውላል፤ ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰችውም በዚያው ሙቀት ውስጥ እንቅልፍ ትለምናለች። ቧንቧው ለግቢው ሁሉ አንድ ነው፤ መጸዳጃውም እንደዚሁ። ልብስ የሚታጠብበትን ቀን፣ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት፣ እንግዳ የሚገባበትንም ሁኔታ የሚወስነው አከራዩ ነው። ደመወዟ ለወር አልበቃ ሲል፣ ከገጠር ያሉ ወላጆቿ ጤፍና በሶ ይልኩላታል። በሌላ አነጋገር፣ ለፋብሪካው ዝቅተኛ ደመወዝ ድጎማ የሚከፍለው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ነው ማለት ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። በፋብሪካው ደመወዝ ተጨመረ የሚል ወሬ በተሰማ ማግሥት በግቢውም ኪራይ ይጨመራል። ጭማሪው በሠራተኛዋ እጅ በኩል አልፎ ወደ ሌላ ኪስ ይገባል። ስለዚህ የኪራይን ጥያቄ ከደመወዝ ጥያቄ ነጥሎ የሚያይ ሰው የችግሩን ግማሽ ብቻ ያያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ሆኖም ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይቆረጥ ዓመታት አልፈዋል። ወለል የሌለው ደመወዝና ጣሪያ የሌለው ኪራይ በሚገናኙበት ቦታ የሚጨመቀው ሠርቶ አዳሪው ነው።

ችግሩ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ወንጂ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ከፋብሪካው ጎን የመኖሪያ ሠፈርም ሠርቶ ነበር። ለበጎ አድራጎት ግን አልነበረም፤ ሠራተኛው በደወል ድምፅ ደርሶ እንዲገባ ነበር። ለውጭ አገር ባለሙያው በአትክልት የተከበበ ቤት፣ ለአገዳ ቆራጩ ደግሞ የተጨናነቀ ካምፕ በመመደቡ፣ ሠፈሩ ራሱ የደረጃ ልዩነቱ መስተዋት ሆኖ ይታይ ነበር። ቢሆንም ዛሬ ልናጤነው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት የሠራተኛው ማደሪያ የራሱም ጉዳይ መሆኑን በተግባር አምኖ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የተተከሉት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ግን የማምረቻ አዳራሽ እንጂ ለሠራተኛው የሚበቃ ማደሪያ ይዘው አልተነሡም። ሸክሙ በግቢዎቹና በኪራይ ገበያው ላይ ወደቀ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ በወር እስከ 300 ብር ይከፈልባቸው በነበሩ ቤቶች ላይ ከ15 እስከ 50 በመቶ የኪራይ ቅነሳ ተደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እጅ ገቡ። በአንድ ቀን የኪራይ እዳው የቀለለለት የከተማ ድኻ ብዙ ነው፤ ይህ ከታሪክ ሊፋቅ አይችልም። ይሁን እንጂ ሐቁን በግማሽ መናገር ለማንም አይጠቅምም። ኪራዩ ለእድሳት እንኳ በማይበቃ መጠን ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ፤ የጭቃው ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ ቆርቆሮው ዛገ። በአንጻሩ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ አዲስ ቤት የሚሠራው አነሰ። ያለውን ቤት በፍትሕ ማከፋፈል አንድ ነገር ነው፤ የሌለውን ቤት መሥራት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሊተካ አልቻለም።

ይህን ትምህርት ይዘን መጋቢት 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን ስንመረምር፣ ሁለቱንም ገጽታውን ማየት ይኖርብናል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ በሚደረግ ልክ እንዲወሰን ያዛል። በክልሎች ውስጥ ሕጉ የሚሠራባቸውን ከተሞች የመወሰኑን ጉዳይ ለክልሎች ትቶታል። በማንኛውም ሌሊት ልቀቅ ሊባል ይችል ለነበረ ተከራይ እንዲህ ያለው ሕግ ታላቅ ጋሻ ነው።

ሆኖም ጋሻ የሚያገለግለው ለሚያነሣው ነው። በውሉ ላይ አነስተኛ ገንዘብ ጽፎ ቀሪውን በእጅ መቀበል፣ “ልጄ ሊገባበት ነው” ብሎ ማስለቀቅ፣ ኪራዩን ሳይነኩ የውኃና የመብራቱን ሒሳብ ማሳበጥ፣ ሕግን የማምለጫ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ተከራዩም ከነጓዙ እንዳይወጣ በመፍራት ዝም ይላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ውል የሌለው ተከራይ መብቱ ከእጁ ሲቆረጥ ቆሞ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነጥብ አለ። አከራይ ሁሉ አንድ አይደለም። በጡረታ ገንዘቧ መኖር አቅቷት በጓሮዋ ሁለት ክፍል ሠርታ የምታከራይ እናትና ቤቶችን እየሰበሰበ ገበያውን የሚያንር ባለሀብት በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። በእናቲቱና በተከራይዋ መካከል ያለው ቅራኔ በውይይት የሚፈታ፣ በሕዝብ መካከል ያለ ቅራኔ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብረቱና የቆርቆሮው ዋጋ እርሷንም አስጨንቋታል። ዋነኛው ችግር የቤት እጥረቱና በእጥረቱ ላይ የሚነግደው ክፍል ነው። በሁለቱ ድኾች መካከል ጠብ እየዘራ ኪራይ በናረ ቁጥር ድርሻው የሚያድግለት ደላላም ከዚሁ ክፍል ይመደባል።

እጥረትን በግንባታ ማሸነፍ እንደሚቻል የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ያሳያል። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1934 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የማዘጋጃ ቤት መኖሪያዎችን ሠርታለች። ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም፤ በተለይ በትላልቅና በቅንጡ ቤቶች ላይ የከበደ የቤት ግብር ተጥሎ ነው የተገኘው። እነዚያ ሕንጻዎች እስከ ዛሬ ሠራተኛ ይኖርባቸዋል። እኛ ቪየናን እንቅዳ አንልም፤ አቅማችንም ሁኔታችንም ይለያያል። መሠረተ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ የኪራይ ቁጥጥር ከግንባታ ጋር ሲጣመር ብቻ ነው ዘላቂ ፍሬ የሚሰጠው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የሰፈር ማኅበራትና እድሮች ውል ባልተጻፈበት ግቢ ሁሉ ውል እንዲጻፍና እንዲመዘገብ ምስክርና አግባቢ ሆነው ይቁሙ። ብቻውን ለመጠየቅ የሚፈራው ተከራይ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲሆን አይፈራም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ሁለተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ ከደመወዝ ጎን ለጎን የማደሪያ ጥያቄን ያስገቡ። መሬት፣ መብራትና መንገድ ከሕዝብ ያገኘ ድርጅት ለሠራተኛው ማደሪያ የድርሻውን ቢያዋጣ ውለታ ሠራ አይባልም። ሦስተኛ፣ የከተማ አስተዳደሮች ለጨረታ ከሚያቀርቡት ቦታ በፊት በኅብረት ሥራ ለተደራጁ ዝቅተኛ ደመወዝተኞች የሚሆነውን ይለዩ፤ የተጎሳቆሉትን የቀበሌ ቤቶችም ነዋሪዎቹን ሳይበትኑ ያድሱ።

ሕጉ ዛሬ በክፍሏ ውስጥ ያለችውን ሠራተኛ ሊጠብቃት ይችላል። ነገ ማለዳ ሻንጣዋን ይዛ አዳማ መናኸሪያ የምትወርደውን ግን ሊያስጠልላት የሚችለው የተሠራ ቤት ብቻ ነው። ሥራችን የሚመዘነው ለሁለቱም ባደረግነው ነው።