ስጦታው መዝገብ ላይ ይስፈር

የሺሺንዳ ነዋሪዎች፣ ከቀበሌው ምክር ቤት ጋር በዓል ስናዘጋጅ ድንኳን የሚያከራየውን፣ በሬ የሚያቀርበውን፣ ድምፅ ማጉያ የሚያመጣውን የምንመርጠው እኛው ነን። እንግዲህ ባለድንኳኑ የአንዱ ኮሚቴ ወንድም ቢሆንስ? ወንድም መሆን ወንጀል አይደለም። ግን ገና ዋጋ ሳንነጋገር «ወንድሜ ነው» ብሎ ይንገረን፤ ሲወሰንም ከስብሰባው ይውጣ።

የከበደን የስጦታው ነገር ነው። በእኛ በካፋ ማር ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ባለፈው ዝግጅት ከአንድ አቅራቢ አንድ ጣሳ ማር ተቀብለን ዝም አልን። ማሩ አለቀ፣ ሐሜቱ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 668 የሕዝብ ተመራጮች፣ ተሿሚዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዝዛል። የሰፈር ማኅበርን አይመለከትም ትሉን ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ቢሆንም እጃችን ላይ ያለው የእናንተ መዋጮ ነው። ስለዚህ ለመጪው ማሽቃሮ ዝግጅት ማን ከማን ምን እንደተቀበለ ከዚህ ሰሌዳ ሥር በተንጠለጠለው ደብተር ይጻፋል። መጀመሪያው መስመር ላይ ያቺን ማር ጽፈናታል።

የማኅበሩ ጸሐፊ