ሰዓት ብቻ የሚያይ አሰልጣኝ

አሰልጣኞቻችን ሩጫ ያውቃሉ። ዳገቱን፣ ኮረኮንቹን፣ የፍጥነት ልምምዱን ማን ያህላቸዋል? ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት እግሩ የተሸከመውን ሰው ነው።

ከገጠር የመጣች የ17 ዓመት ሯጭ እናስብ። ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ቤት ተከራይታ ጎህ ሳይቀድ ልምምድ ትወጣለች። አሰልጣኟ ሰዓቷን እስከ ሰከንዱ ያውቃል። ቁርስ መብላቷን፣ ትምህርት ማቋረጧን፣ የሽልማት ገንዘቧን ማን እንደያዘው ግን አይጠይቅም። የወር አበባዋ ከቀረ ወራት ቢቆጠሩማ ማን ደፍሮ ያነሳዋል? እሷም ታፍራለች፣ እሱም ያፍራል።

እፍረቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ልምምዱ የሚጠይቀውን ያህል ያልተመገበ ሰውነት ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል፤ የወር አበባ ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ቀስ በቀስም ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የባለሙያዎች ሰነድ ችግሩ ወንዶችንም እንደሚነካ ገልጿል። ልጅቷን ወጌሻ ዘንድ መላክ ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ሕመሙ የጀመረው ከማዕዱ ነው።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቀች። ከዚያ ጉዳት አጋጠማት፣ ወለደች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን ደገመችው። በ2009 በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። የአትሌት ዕድሜ እንዲህ ሊረዝም እየቻለ በ20 ዓመታቸው «አለቀላቸው» የምንላቸው ልጆች ያሳዝኑኛል።

«ለሐኪሙ፣ ለሥነ ምግብና ለሥነ ልቦና ባለሙያው ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ሁሉንም በየክለቡ መቅጠር ይከብዳል። ነገር ግን ልጆቹ ጉዳያቸውን የሚያዋዩዋት አንዲት ሴት ረዳት አሰልጣኝ መመደብ፣ ልምምዱን ከትምህርት ሰዓት ጋር ማጣጣም፣ የመጀመሪያዋን ሽልማት በልጅቷ ስም ባንክ ማስገባት የሀብታም ክለብ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ በፊት መለኪያው ይቀየር። ዘንድሮ ባመጣው ሜዳሊያ ብቻ የሚመዘን አሰልጣኝ ልጅቷን ዘንድሮ አሟጦ ቢጨርሳት አይገርምም። ክለቦች አሰልጣኙን «ከአራት ዓመት በፊት ከተረከብካቸው ልጆች ስንቶቹ ዛሬም ይሮጣሉ? ስንቶቹስ ትምህርታቸውን ቀጠሉ?» ብለው ይጠይቁት፤ የደመወዝ ጭማሪውንም በመልሱ ይወስኑ።